ሰባት ቤትና የደሴዋ ሮዛ

አንዳንዱ ሰው እባብ ይፈራል፤ አንዳንዱ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ። እኔ የምፈራው አያቶቼን ነው። አትሳቁ! እስቲ እናንተም ለልጃችሁ ጋብቻ ሰባት ቤት ቁጠሩ ተባሉና፣ ከሦስተኛው ቤት በኋላ ድምፃችሁ እንዴት እንደሚቀጥን ታዩታላችሁ። በሰባት ቤት ውስጥ የተዛመደ አይጋባም ተብለን ያደግን ሰዎች፣ ባሕር ስንሻገር ስንቱን ጥለን ይህችን ቆጠራ ግን ይዘናት መጥተናል።

እኔ ቆጠራዬን የማሳምርበት ዘዴ ነበረኝ። የአባቴ እናት ሮዛ የምትባል ጣሊያን ናት። በወረራው ዘመን መሬት ታገኛላችሁ ተብለው ከመጡት ሰፋሪዎች አንዷ ነበረች፤ ባሏ ሞቶ፣ ጦሩም ተሸንፎ ሲወጣ፣ እሷ ደሴ ከከፈተችው ስፌት ቤት አልንቀሳቀስም ብላ ቀረች። አባቴን ከአገሬው ሰው ነው የወለደችው ይባል ነበር። ኋላ ክርስትና ተነሥታ ወለተ ማርያም ተባለች። እኔም ስቆጥር «ወለተ ማርያም» ብዬ ቶሎ አልፋለሁ። ወለተ ማርያምን ማን ይጠረጥራል? አባቴ «የጣሊያን ልጅ» እየተባለ በድንጋይ ሲባረር ያደገ፣ በመጨረሻም በልጅነቱ ከደሴ ጠፍቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ነው። ደብቅ ያለኝም እሱ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ እሑድ፣ ልጄ ሰላም ልታገባው ካሰበችው ከዳንኤል እናት ጋር ፌርፋክስ ሠፈር ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ተቀመጥን። አልማዝ ትባላለች፤ በርባንክ አረጋውያንን እየተንከባከበች የምትኖር ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት። ጥብሱ ሳይበርድ ስልኳን አውጥታ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ አሳየችኝ።

«አያቴ ናት ጋሼ። ሮዛ። ደሴ ስፌት ቤት ነበራት። ከእናቴ ሌላ አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ ጠፍቶ ቀረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ወንድሜ እንዳለች ነው።»

እኛ የደበቅናትን እነሱ ፍሬም አድርገው ሳሎን ሰቅለዋታል! እኔና አልማዝ የወንድምና የእህት ልጆች ነን ማለት ነው። ልጆቻችን ደግሞ አዳራሽ ተከራይተዋል።

ሂሳቡን ቶሎ ከፍዬ ወጣሁ። ፈራሁ። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላልኝ አለ፤ ዳውንታውን በምሠራበት ፓርኪንግ የሰው መኪና የት እንዳቆምኩ እስክረሳ ድረስ ፈራሁ። በመጨረሻ ዌስት አዳምስ ወዳሉት፣ በልጅነታቸው የሮዛ ጎረቤት ወደነበሩት እትዬ አስካለ ሄድኩ። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ትዝታቸው ግን ከእኔ ይሻላል።

«ሮዛ መች ወለደችና!» አሉኝ። «መካን ነበረች። ሁለቱንም የራሷ ወገኖች ካቃጠሉት መንደር ነው ለቅማ ያመጣቻቸው። በአንድ ቀን።»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰደብበት የኖረው ደም ጭራሽ አልነበረውም። ይባስ ብሎ ወላጆቹን የፈጀበት ያው ደም ነው። ማዘን ሲገባኝ ግን ፍርሃቴ ቀደመኝ።

«የአንድ እናት ልጆች ነበሩ እትዬ?»

«እሷስ በምን ታውቃለች ልጄ? አመድ ላይ ነው ያገኘቻቸው።»

ለልጄ ነገርኳት። እሷ እቴ! «ኦኬ አባዬ፣ አንተና እትዬ አልማዝ ዲኤንኤ ቴስት ታደርጋላችሁ። ሶ፣ ሪላክስ አድርግ» አለችኝ። በስድሳ ዓመቴ ከአማቼ እናት ጋር ተቀምጬ ቱቦ ውስጥ ምራቄን ተፋሁ። ከዚያ በኋላ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ትወርድ ነበር። ሰርጉ ቢፈርስ ልጄን በምን አፌ አጽናናታለሁ?

መልሱ መጣ። ምንም አንዛመድም። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት አልማዝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች።

«ምነው? ደስ አይልሽም?»

«እናቴ እኮ እስክትሞት የፈለገችው ወንድሟን ነው ጋሼ» አለችኝ። «ደሙን መች ጠየቀች?»

አባቴስ ማታ ማታ በሩን ከፍቶ መንገዱን ሲያይ የሚያመሸው ማንን ብሎ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ መጥተው «በመካከላችሁ ዝምድና አለ?» ሲሉን፣ እኔና አልማዝ ተያየንና በአንድ አፍ «የለም» አልን። እውነት ተናግሬ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።