ለጓሮ መዋኛዬ ደቦ ጠርቼ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ «የእጅህን ነው ያገኘኸው» ነው የምትሉኝ። ግዴለም፣ በሉኝ። ባለቤቴም እያለችኝ ነው።

መዋኛ ገንዳ ላሠራ ነበር። በጓሮዬ። ደብረ ታቦር ላይ!

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። የጉና ንፋስ ሲወርድ ፊታችንን እንኳ በጣታችን ጫፍ ነው የምንታጠበው። ብርቱካንም (ባለቤቴ ናት) ይህንኑ ብላኛለች። እኔ ግን አምና ልጆቹን ባሕር ዳር ወስጄ፣ የሆቴሉ ገንዳ ዳር ቆመው የሰው ልጆች ሲዋኙ ሲያዩ አንጀቴን በሉኝ። ሁለቱም ዋና አይችሉም። እኔም አልችልም። «በገዛ ቤታችሁ ትማራላችሁ» ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

ወዲያው በጀት ያዝኩ። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ስላለኝ ሴራሚኩን ከተራረፈው፣ ሲሚንቶውን በመጣበት ዋጋ፣ የሶላር ማሞቂያውን በትውውቅ ብዬ ደብተር ላይ ደረደርኩት። ያማረ በጀት! የቀረው ቁፋሮ ነው። የእስካቫተሩ ሰውዬ ዋጋውን ሲጠራልኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

ያኔ ነው ብልጠቴ የመጣው።

ደቦ!

ጎረቤት ተጠርቶ ይቆፍራል፣ እኔ አበላለሁ፣ አለቀ። «የቁፋሮ ጉልበት፦ ዜሮ» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑንም ሆን ብዬ ዓርብ አደረግኩት። ጾም ነዋ! ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ሰዉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም ቁርሱም ምሳውም ከበጀቱ ተሰረዘ። ሽሮና ጠላ ብቻ። እንዲህ ያለ ፕላን አውጪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ግን እስኪ አስቡት፤ ሰው «ልዋኝበት ነውና ኑ ቆፍሩልኝ» ተብሎ ይጠራል? አፌ እምቢ አለኝ። የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ደሴ ዘንድ ሄጄ ጉድጓዱ የውሃ ማጠራቀሚያ እንደሆነ፣ በበጋ ቧንቧው ሲጠፋ ለሁላችንም እንደሚሆን ነገርኳቸው።

ዋሸሁ። ለሽማግሌ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደ። ዛሬ ጠዋት አስር ሰው ስጠብቅ አርባ መጣ። ከነዶማው፣ ከነአካፋው። ከአንበሳሜ ለጥየቃ የመጣ የአንዱ አማች ሳይቀር እጅጌውን ሰብስቦ ገባ።

አያ ደሴ በገመድ የወጠርኩትን ዲዛይን ዞረው ዞረው አዩና፣ አንዱ ጎን ለምን እንደሚጠልቅ ጠየቁኝ። ደለሉ ወደዚያ እንዲወርድ ነው አልኳቸው። «ተምሯል እኮ» አሉ ለሌሎቹ።

ደረጃውስ?

እሱማ ልጆቹ እንዲወርዱበት ነበር። እኔ ግን «ለሚቀዱት እናቶች ነው» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቅ።

የታች ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ይህን ሰሙ። እኒህ ሴት ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ከምንጩ ዳገቱን የሚወጡ ናቸው። መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ።

«ወገቤ ሊያርፍ ነው በለኛ፣ ልጄ» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያውም ተከፍታ ነበር፣ ወገብ ድረስ ደርሳለች!

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እናንተዬ፣ ባዶ ሆዱን ሲቆፍር የዋለ አርባ ሰው ሲበላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሽሮው አለቀ። ምስር ተገዛ። እሱም አለቀ። እንጀራ ከሦስት ቤት ተለመነ። ሁለተኛው ጋን ጠላ ሲከፈት ብርቱካን በበር በኩል አየችኝ፤ እኔ ወደ ጉድጓዱ ዞርኩ።

እስካቫተሩ ይሻለኝ ነበር። በእጥፍ!

በልተው ሲያበቁ ተነሥተን ቆምን፣ አያ ደሴ ይመርቁ ጀመር። እኔ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ፣ ልቤ ግን ምስሩን እየደመረ ነው። አፌ ብቻውን ነው አሜን የሚለው።

የተቆፈረው ይሙላ። አሜን። የሞላው አይንጠፍ። አሜን። የጠማው ይጠጣበት። አሜን። ጎረቤት ይቅዳበት። አሜን።

በጉሮሮዬ ሙሉ ነው ያልኩት አሉ።

ሰዉ እየሳመኝ ሄደ። ጓሮው ጭር ሲል ለብርቱካን፣ ነገ አያ ደሴን ለብቻቸው አግኝቼ እውነቱን ብነግራቸውስ አልኳት። ሳህን እየሰበሰበች ነበር። አስቀመጠችው።

«በአርባ ሰው ፊት አሜን ብለሃል» አለችኝ።

ሒሳብ ላይ ስለነበርኩ ምርቃቱን አልሰማሁትም አልኳት። ሳህኑን መልሳ አነሣች። ደብተሬን አውጥቼ ሴራሚኩንና ሶላሩን ሰረዝኩ። ማጠራቀሚያ ይሆናል እንግዲህ፤ ሰኞ ሲሚንቶው ይገባል። ልጆቹ አኩርፈው ተኝተዋል። ክረምት ባሕር ዳር ሄደን ሦስታችንም ዋና እንማራለን ብያቸዋለሁ። አላመኑኝም፣ አልፈርድባቸውም።

አሁን ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ኮመንት ላይ እንዳትጽፉብኝ ብቻ፣ ታነባለች።

የመጨረሻዋን ምርቃት ሰምቻታለሁ።

አያ ደሴ ቆም ብለው አዩኝና፣ «ለብቻዬ ያላለውን ልጃችንን፣ እግዚአብሔርም ለብቻው አይተወው» አሉ።

ድመራዬን አቆምኩ። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ውሸት መሆኑን ከዚያ ሁሉ ሰው የምናውቀው እኔና ብርቱካን ብቻ ነን። ደግሞ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ።

ከሰዉ ሁሉ ቀድሜ አሜን አልኩ።

እስኪ እናንተ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር?