የዘይነባ ሃይላንድና የሁለት ቢሮ ነገር

ቆቦ ላይ የሰው ቤት ጠፍቶባችሁ ያውቃል? ካልጠፋባችሁ አንድ ቀን ሆን ብላችሁ ጠፍታችሁ እዩት፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ከመናኸሪያው ወርዳችሁ «የእገሌ ቤት በየት በኩል ነው?» ያላችሁ እንደሆነ የባጃጁ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ያስረዳችኋል፣ ሽንኩርት ሻጯ የባጃጁን ሾፌር ታርመዋለች፣ ሁለቱ ሲከራከሩ ሦስተኛ ሰው መጥቶ እጃችሁን ይዞ እደጃፉ ድረስ ያደርሳችኋል። የማያውቀው ሰው እንኳ «አላውቅም» ማለት ነውር ስለሚመስለው በአገጩ ወደ አንድ ወገን ይጠቁማችኋል። እኔን ግራ የሚገባኝ ይህ ደግ ሰው ጠዋት ቢሮ ገብቶ ከጠረጴዛ ጀርባ ሲቀመጥ ምን እንደሚነካው ነው። ያኔ የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ይሆናል፤ የመጣችሁበትን።

ሰው ማማቴ አይደለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የቢሮ ሰዎችን ሱሪ የሚያሳጥረውም የሚያሰፋውም የእኔ የስፌት መኪና ነው፤ ከእነሱ ተጣልቼ የት እደርሳለሁ? ነገሩን የማነሳው በባለቤቴ በዘይነባ ላይ የደረሰውን ስላየሁ ነው።

ዘይነባ ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ላይ ቲማቲም ስትሸጥ ኖራለች። ታዲያ አንድ ቀን ከጎብዬ በሚኒባስ ስትመለስ ተሳፋሪው ውሃውን እየጠጣ ባዶውን ሃይላንድ በመስኮት ሲወረውር አየች። ሁላችንም ስናየው የኖርነውን ነገር እሷ የዚያን ቀን አየችው። ጎርፍ ሲመጣ ቦዩን የሚደፍነው፣ ከብቱ ጥላ ፍለጋ ሲተኛ ከሥሩ የሚንኮሻኮሸው ይኸው ሃይላንድ ነው። ባዶውን ወደ መሐል አገር የሚመለስ የጭነት መኪና ሁሉ ሃይላንዱን እየገዛ ለፋብሪካ እንደሚወስደው ደግሞ ከአንድ ሾፌር ሰማች። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማት! ቲማቲሙን ተወችና ለቀማ ገባች። ቦታዋንም ገበያ ላይ ሌላ ሴት ያዘችው። ግቢያችን ሃይላንድ በታጨቀ ማዳበሪያ ተሞላ፤ የማዳበሪያውን አፍ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንኳ በጎን መሆን ግድ ሆነ።

ችግሩ ነፋሱ ነበር። የእኛን ቆላ ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዙሁር ሶላት በኋላ ይነሳና ያንን ሁሉ ሃይላንድ ሲያንኳኳው አንድ ሠርግ ቤት ሙሉ ሰው የሚያጨበጭብ ይመስላል። ሀጂ ሰይድ ደግሞ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን ነበሩ፤ ከዙሁር በኋላ ጋደም ማለት ይወዱ ነበር። አንድ ሁለቴ በአጥሩ ላይ «ዘይነባ! ኧረ ይህን ጭብጨባ አስቁሚልን!» አሉ። ሦስተኛው ላይ ቀበሌ ሄዱ። አልቀየምኳቸውም፤ እኔም አልተኛሁም ነበር።

ቀበሌው ወረደና «መኖሪያ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይከማችም። ፈቃድና የመሥሪያ ቦታ አውጡ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላወጣችሁ ጭነን ወስደን እናቃጥለዋለን» አለ። ዘይነባ ያን ቀን እራት አልበላችም። ያ ሁሉ ድካም ጭስ ከሆነ ወደ ቲማቲሙ እንዳትመለስ ቦታው ተይዟል፤ እቤት ቁጭ እንዳትል ደግሞ አያስችላትም፤ እሷን ቤት ቁጭ ላድርግ ያለ ሰው አላህ ይርዳው እላለሁ።

መጀመሪያ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ካሳ የሚባለው ባለሙያ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና፣ «እትዬ ዘይነባ፣ እኛ ፈቃድ የምንሰጠው ለዕቃ ነው። እርስዎ የሚሉኝ ቆሻሻ ነው። ማዘጋጃ ቤት ይጠይቁ» አላት። ማዘጋጃ ቤት የጽዳቱን ሥራ የያዘው ይመር ነው፤ እሱም ክፉ ልጅ አይደለም። «እኛ የምናውቀው ማስወገድ ነው። የሚሸጥ ከሆነማ ምኑን ቆሻሻ ሆነ? ንግድ ቤት ይሂዱ» አላት። ተመለሰች፤ ካሳ ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ተመለሺ። ነገም ተመለሰች፤ ካሳ መስክ ወጥቷል። ይመር ጋ ሄደች፤ ይመር ሥልጠና ላይ ነው። በመጨረሻ በር ላይ ያገኘችው አንድ ሰው አዘነላትና «የሚመለከተውን አካል ጠይቂ» ብሎ መከራት።

ቤት ገብታ ሻሿን ወርወር አደረገችና፣ «እንድሪስ፣» አለችኝ፣ «ይህ የሚመለከተው አካል የሚሉት ሰውዬ ቤቱ በየት በኩል ነው?»

በአገጬ እንኳ የምጠቁምበት አቅጣጫ አጣሁ።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሀጂ ሰይድ ሞቱ። ኢናሊላሂ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንቅልፍ የሚወዱ ደግ ሰው ነበሩ፤ አለቀስንላቸው። ድንኳኑ በእኛና በእሳቸው ደጅ መሐል ተተከለ።

ሌላ አገር እድር የምትሉትን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። እስላምና ክርስቲያኑ፣ ከዚህ የበቀለውና ከራያ ማዶ የመጣው አብሮ የሚላቀስበት ነው። ከሥራ መቅረት ይቻላል፤ ከስብሰባም መቅረት ይቻላል። ከቅሬ የቀረ ግን ወዮለት! ይቀጣል፤ ከቅጣቱም በላይ «የእሱ ቀን ሲመጣ እናያለን» የምትል አንዲት ወሬ አለች፣ እሷን የሚችላት የለም። ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ካሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ይመር። መስክም የለ፣ ሥልጠናም የለ፣ ጠረጴዛም የለ።

ለመጠየቅ ልቤ ተነሳና መልሼ አስቀመጥኩት። በለቅሶ ቤት ስለ ፈቃድ ይወራል እንዴ? ሰው ምን ይለኛል? አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። መድፋቴ ነው ጉድ ያፈላው። ለለቀስተኛው ውሃ ታድሎ ኖሮ ባዶ ሃይላንዱን አግዳሚው ሥር ተንከባሎ አየሁት። ዘይነባ ለቀማ ከገባች በኋላ እጄ የእኔ መሆኑን ትቷል፤ ሳላስበው አጎንብሼ አንዱን አነሳሁ፤ ሌላውን አነሳሁ፤ አንደኛው ካሳ እግር ሥር ስለነበረ እጄን ወደዚያ ሰደድኩ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ ካሳ።

ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ። እኔ በለቅሶ መሐል ሦስት ሃይላንድ ታቅፌ ቆሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! የሀጂ የበኩር ልጅ አህመድ ቀና ብሎ አየኝ። በቃ፣ ተዋረድኩ አልኩ።

«አባቴ፣» አለ አህመድ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ «ታመው እንኳ ስለዚህ ሃይላንድ ሳያነሱ የዋሉበት ቀን የለም። ‹ሴትዮዋ ቦታዋን አግኝታ እኔም በተኛሁ› ይሉ ነበር። የሚያውቅ ሰው ካለ ይጨርስላቸው፤ ለአባቴም ዱዓ ነው።»

ካሳ ወደ ይመር ዞረ። ይመር ወደ ካሳ ዞረ። አንድ ቢሮ ሌላውን ቢሮ ዓይን ዓይኑን ሲያይ ያኔ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

«ቆሻሻ ነዋ፣ ያንተ ነው» አለ ካሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እየተሸጠ? ያንተ ነው እንጂ!»

«ቆይ፣ እሷ ከመንገድ እስክታነሳው ያንተ አይደለም?»

«ነው። ለቅማ ማዳበሪያ ውስጥ ከከተተችው በኋላስ?»

«እሱማ ዕቃ ነው» አለ ካሳ፤ ያለውን ራሱ የሰማው ካለ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ይመር ለቦታው ይጽፋል፤ ከከብት ገበያው ወዲያ ነፋሱ የማንንም እንቅልፍ የማይነካበት ባዶ መሬት እንዳለ አስታወሰ። በአካባቢ ጥበቃ በኩል የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ ከኋላ ወንበር አንዱ ተናገረ፤ ሰውዬውም እዚያው ነበር፣ «አለሁ» አለ። የእሱ ሲያልቅ ካሳ ፈቃዱን ይሰጣል። ከሴቶቹ በኩል ዘይነባ ሁሉንም እየሰማች ነበር፤ ልቅሶዋ ጠንከር ሲል ሰማሁት፤ ለሀጂ ይሁን ለማዳበሪያዎቿ አልጠየቅኳትም። ሰው ሁሉ ፊት የተባለን ቃል ማጠፍ ደግሞ በእኛ አገር አይሞከርም። ለቅሶው እንደተነሳ ሁለቱም እንዳሉት አደረጉ፤ ወሩ ሳያልቅ ግቢያችን ባዶ ሆነ። ሀጂ በሕይወት ሳሉ ከሰሱን፣ ሞተው አስፈቀዱልን። በየጁምዓው ዱዓ አደርግላቸዋለሁ።

በቅርቡ ምሳ አድርሼላት አዲሱ ቦታዋ ላይ የማዳበሪያ አፍ እየሰፋሁ ሳለ አንድ ሰው መጣ። «ከሮቢት ነው የመጣሁ» አለ። «እንዲህ ያለ ሥራ ልጀምር ፈልጌ ንግድ ቤት ብጠይቅ ‹የሚመለከተው ወይዘሮ ዘይነባን ነው› አሉኝ።»

ዘይነባ መኪና እያስጫነች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል ወንድሜ፣ ነገ ተመለስ።»

ሰውዬው አመስግኖ መንገድ ጀመረ። እኔ ወስፌዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ዓይን ዓይኗን አየኋት።

«ምን ታየኛለህ?» አለችኝ። ከዚያ ራሷን ሰማች መሰለኝ፣ «ውይ በሞትኩት!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጣለችና በነጠላ ጫማዋ ተከትላው ሮጠች። እጁን ይዛ አመጣችው፤ ማዳበሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ ውሃ ከፍታ ሰጠችው፤ ከይመር እስከ ካሳ ያለውን መንገድ አንድ ባንድ ነገረችው። መኪናው ቆሞ ጠበቀ። ሰውዬው መርቋት ሲነሳ ባዶውን ሃይላንድ እንደያዘ ወደ በሩ አመራ።

«ወንድሜ!» አለች ዘይነባ። «መንገዱን ነግሬሃለሁ፤ ሃይላንዱን ግን አስቀምጠህ ሂድ።»