ባንጆ ሊጀምር ያለው ልብስ ሰፊ

«ሊጀምር ያለ» ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ታውቁታላችሁ። ዋና ሊማር ነው ብሎ መነጽሩን፣ ቆቡንና ፎጣውን ገዝቶ ውሃውን ግን እስከ ዛሬ ዳር ቆሞ የሚያየው አጎታችሁ ነው። ሥዕል ልትጀምር ብሩሽ ስታማርጥ ልጆቿ ያደጉባት እህታችሁም ናት። እንዲህ ያለው ሰው ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፤ ሰነፍማ ይተኛል። ይኼኛው ግን ዕረፍት የለውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የእሱ እንቁላል ገና ጫማ እየመረጠ ነው።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ፣ ሊቀ ጀማሪያን ቢሉት የማይበዛበት፣ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ሱቁ ከፊት፣ ቤቱ ከኋላ ነው፤ መሃል ላይ አንድ መጋረጃ። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ ትሰፋለች፤ ስለዚህ ከእሷ የሚሰወር ነገር የለም፣ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምን ነበር። መኝታ ቤታቸው ካለው ቁም ሳጥን አናት ላይ የባሏ ጅምሮች ተሰልፈው ተኝተዋል። ክዳኑ ያልተነሳለት ካሜራ አለ፤ ንብ አይቶ የማያውቅ የንብ አርቢ ጓንት አለ፤ ጠጠሮቹ ከላስቲካቸው ያልወጡ ቼዝም አለ። እሷ ቦታውን «መቃብር ሥፍራው» ትለዋለች። ክቡርነታቸው ሲጠየቁ አመልካች ጣታቸውን ያነሱና ሁሌም ያችኑ ይደግማሉ፦ «ልክ ሳይወሰድ መቀስ አይነሳም።»

ባንጆው የመጣው ከልጅነት ጓደኛው ከአናጢው ነው። ክብ ከበሮ ላይ ረጅም አንገት ተተክሎበት አምስት ክር የተወጠረለት፣ ሲመቱት የሚስቅ መሣሪያ ነው። አናጢው ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲጫወተው ኖሯል፤ ራሱ የፈጠራትም አንዲት ዜማ ነበረችው። ግን ዕድሜ ልኩን መላጊያ ሲገፋ የኖረው ቀኝ እጁ መገጣጠሚያው አብጦ፣ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። ግራው ደህና ነው። ምን ዋጋ አለው፣ በአንድ እጅ አይጨበጨብም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንጆውን ይዞ መጣና ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አጋደመው።

«ውሰደው» አለ። «ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ባየሁት ቁጥር ሆዴ አይችልም። አንተ ተማርና አንድ ቀን ዜማዬን አሰማኝ። ከዚያ ወዲያ ይበቃኛል።»

«ይበቃኛል» የምትለዋ ቃል ሚስትየዋን አስደነገጠቻት። ይህ ሰው ሱቁ ሲገባ ከእሱ ቀድሞ ሳቁ የሚገባ ሰው ነበር። ባንጆው እንደሌሎቹ ቁም ሳጥን ላይ ከወጣ የአናጢው ዜማ አብሮ ተቀበረ ማለት ነው። «በሌላው ሁሉ ቀልድ» አለችው ባሏን፣ እንግዳው እንደወጣ፤ «በዚህ ግን አትቀልድ።»

እሱም አልቀለደም። መምቻ ፍለጋ ሄደ።

ባንጆ በባዶ ጣትም ይመታል፤ የአናጢውን ዓይነት ጥርት ያለ ድምፅ ለማውጣት ግን አውራ ጣት ላይ የላስቲክ፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ላይ ደግሞ እንደ ቀለበት የሚጠለቅ፣ ምላስ ያለው የብረት መምቻ ያስፈልጋል። የሙዚቃ ዕቃ ሻጩ «ለጀማሪ መካከለኛ ውፍረት ያለው ይሻልዎታል፣ አባባ፤ እንዳይጠብቅ፣ እንዳይላላም» ብሎ በአጭሩ ገላገለው። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይሄዳል። የእኛ ሰው ግን ቀጭኑንም፣ ወፍራሙንም፣ መካከለኛውንም በከረጢት ሞልቶ ተመለሰ።

መጀመሪያ የሠራው ስህተት ልብስ ሰፊ ብቻ የሚሠራው ነው። ዕድሜውን ሙሉ መርፌ መግፊያ የብረት ቆብ ጣቱ ላይ ሲያጠልቅ ኖሯልና መምቻውንም ምላሱን ወደ ጥፍሩ አዙሮ አጠለቀው። ከዚያ ክሩን እንደ ወፍራም ካፖርት ወጋ ወጋ አደረገው። የወጣው ድምፅ መንገደኛ አስቆመ።

አናጢው ሊጠይቅ መጥቶ ይህን ሲያይ በሩን ተደገፈ። «ወንድሜ፣ ባንጆ እየመታህ ነው ወይስ እየሰፋኸው? ገልብጠው! ምላሱ በጣትህ ሆድ በኩል ነው» አለና ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ።

ተገለበጠ። የላላው መምቻ ተስፈንጥሮ ሾርባ ውስጥ ገባ። የጠበቀው ጣቱን አጥቁሮት ሚስቱ በሳሙና አወለቀችለት። የአውራ ጣቱ ላስቲክ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለስልሶ ልክ ይይዛል ቢሉት ምድጃ ላይ ረስቶት ማንኪያ ሆኖ ወጣ። እንዲያም ሆኖ ሦስት ድምፅ በተከታታይ ማውጣት ቻለ፤ ሚስቱም ተስፋ አደረገች።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ሰውዬው መጫወቱን እርግፍ አድርጎ ተወውና ጉጠቱን ይዞ ብረት ማጣመም ጀመረ። የመምቻውን ቀለበት ይከፍታል፣ ምላሱን ያቃናል፣ እንደገና ያጎብጣል። የደንበኛ ሱሪ እግር ሳይታጠፍ ያድራል። አንድ ቀን ጭራሽ ከለስላሳ ቆዳ ቁራጭ ቀዶ ከመምቻው ውስጥ ሲለጥፍ ያዘችው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ገበር።»

«ለብረት ገበር?»

«ብረትም ይቆረቁራል።»

አንስታ በጣቷ ሞከረችው፤ ዞረባት። በእሱ ጣት ሞከረችው፤ ዞረበት። «ለመሆኑ ይኼ የማን ጣት ነው? የዝሆን?» ብትለው አመልካች ጣቱን አነሳና ያችኑ ደገመ። ተናደደች። ከንዴቷ ይልቅ ግን ኀዘኗ ባሰ። አናጢው ብቅ ባለ ቁጥር ባሏ እጁን ጨብጦ አልለቅም ማለቱ ራሱ አንጀቷን ይበላው ነበር፤ ቃሉን አለመጠበቁን በፍቅር ሊያካክስ መስሏታል። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ካሜራውን ገፋ አድርጋ ለባንጆው ቦታ አዘጋጀች።

አንድ እሑድ ባሏ አናጢውን «ና ስማኝ» ብሎ ጠራው። እሷ መርፌዋን ይዛ አቀረቀረች፤ የሚመጣውን ውርደት ላለማየት። ልብስ ሰፊው ባንጆውን አወጣ፣ ክሩን ቃኘ፣ ተነሣና የአናጢው ጭን ላይ አስቀመጠው።

«ቀኝ እጅህን አምጣ።»

«ተው እባክህ። አታሳዝነኝ።»

«ልብስህን ሳትለካው ነው ከሱቄ የምትወጣው?»

መምቻውን አጠለቀለት። የቀለበቱ አፍ ሰፊ ነበርና ያበጠውን መገጣጠሚያ ሳያሳምም አለፈ፤ ካለፈ በኋላ ገበሩ ቆዳውን ቀስ ብሎ ያዘው። ምላሱ ረዝሞ ጎብጧል፤ ጣቱ ባይታጠፍም ክሩ ድረስ ይደርሳል። ሚስትየዋ ባሏ የአናጢውን እጅ ጨብጦ አልለቅም ያለበትን ጊዜ ሁሉ አስታወሰች። ለካ ልክ እየወሰደ ነበር።

አናጢው እጁን አራገፈ፤ መምቻው አልወደቀም። አንዴ መታ። ቆመ። እንደገና መታ። ዜማዋ እንደ ድሮው አልፈጠነችም፤ እየተሰናከለች፣ እየተነሣች መጣች፤ ግን ራሷ ናት። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆመ፣ አሁን ግን ለሌላ ምክንያት። ሚስትየዋ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የኖረችውን ባሏን ገና ዛሬ እንደተዋወቀችው ሰው አየችው፤ ባየችውም ነገር ፈራችም፣ ኮራችም።

አናጢው ሲጨርስ ጣቶቹ መምቻ ስለያዙ እንባውን በክንዱ ጠረገ። «በል አሁን ተራው ያንተ ነው» አለ። «የተማርከውን አሰማን።»

ልብስ ሰፊው አፈረ። «እኔ እኮ ገና ነኝ» አለ። «የራሴን መምቻ አልመረጥኩም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሚስቱ በዚህ ሳምንት ሙሉ ትስቅበት ነበር። ተነሣች፤ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አወረደችና ፊቱ ቆመች።

«ጣትህን ዘርጋ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ዝም ብለህ ዘርጋ» አለችው። «ልክ ሳይወሰድ መቀስ አይነሳም።»