አንዲት ነገር ብቻ የቀረቻቸው ክቡር ኔቪል

በየከተማው አንድ ሰው አይጠፋም፤ የተበላሸ ዕቃ ስትወስዱለት ደህናውንም ፈታቶ የሚጠብቃችሁ። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ለኛዋ ካዲና የደረሱት ክቡር ኔቪል ትሬምባት ናቸው፤ የባቡር ጡረተኛ፣ የጓሮ መጋዘን ሊቅ፣ የአሮጌ ድምፅ ማጉያ ሁሉ የነፍስ አባት።

"አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ" ይላሉ ዘወትር። ባለቤታቸው ሙሽራ ሆነው ሲገቡ ወጥ ቤቱ ግማሹ ብቻ ተቀብቶ ነበር። የባለቤታቸው አስከሬን ሲወጣም ያው ግማሹ ነበር።

አባቴ ክሊፍ ሲሞት ከሸክላ ማጫወቻ ጋር የተገጠመ ባለ መስታወት ቱቦ ድምፅ ማጉያ ትቶልን ነበር፤ ዕድሜው ከኔ ይበልጣል። ሸክላ ባይጫንበትም ከተከፈተ ጥዝዝ ይላል። ዓይኗ የደከመባት እናቴ በዚያ ትጽናና ነበር። "እሱን ስሰማ አባትሽ ሳሎን ቁጭ ብሎ ያንቀላፋ ይመስለኛል" ትለኛለች። አንድ ቀን ማጉያው ዝም አለ። አንድ ቱቦ ተቃጥሎ ነው፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ።

ለክቡር ኔቪል ወሰድኩላቸው፤ ክቡርነታቸው አሥራ አንድ ወር ፈጁበት። ቱቦውን ቀየሩ። ኮንደንሰሮቹን ቀየሩ። ትራንስፎርመሩም አላማራቸውም፣ እሱንም ቀየሩ።

"እናቴ እየጠበቀች ነው እኮ" አልኳቸው።

"ጥዝዝታውን ላጥፋላት፤ አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ።"

"እሱን እንኳ አይንኩብን ብዬዎት ነበር።"

"ሄዘር፣ ጥዝዝታ በሽታ ነው እንጂ ጌጥ አይደለም።"

አንድ እሑድ፣ የበግ ጥብሱ ከምድጃ ሳይወጣ፣ አመጡት። ሲከፍቱት ጭጭ አለ። ሸክላ ጫኑበት፤ ድምፁ እውነትም ግሩም ነበር፣ የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው። እናቴ እስኪያልቅ አዳመጠች።

"ቆንጆ ነው፣ ኔቪል" አለች። "ክሊፍን ግን የት አደረስከው?"

ማጉያውን አቅፈው ተመለሱ፤ የነቀሏቸውን አሮጌ ዕቃዎች ከየጣሳው እየለቀሙ ወደ ቦታቸው ይመልሱ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ሞተች። ደውዬ ነገርኳቸው።

"አንዲት ነገር ብቻ ቀርታኝ ነበር" አሉ።

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

ከቀብር በኋላ፣ ሰው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሳንድዊቹን እየበላ ሲያወራ፣ ክቡር ኔቪል ማጉያውን አምጥተው ጥግ ላይ ሰኩት። ሸክላ አልጫኑበትም። ጥዝዝ አለ። ከኔ በቀር ማንም ልብ አላለውም። አለቀስኩ፤ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ብሶብኝ። ክቡር ኔቪል እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አጠገቡ ቆመዋል። ምንም አልነኩም።

ይቅር አላልኳቸውም። የምልም አይመስለኝም። ያ መጋዘን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው አይረግጠውም፤ ባለፈው ሳምንት የወጥ ቤቴን ራዲዮ ይዤላቸው ሄድኩ። ራዲዮው ደህና ይሠራል።

"ምኑ ነው የተበላሸው?" አሉኝ፣ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

"እርስዎ አያጡለትም" አልኳቸው።