ወላሂ ሳይሉ መስበክ

የወሎን ሰው በምን ትለያለህ ቢሉኝ በመሐላው እላለሁ። እኛ ዘንድ «ወላሂ» የእስላሙ ብቻ አይደለችም፤ የነገር ሁሉ ማሰሪያ ናት። በሬያቸው ተዋጊ እንዳልሆነ ለገዢ ሲያስረዱ «ወላሂ!» ያሉ ቄስ አውቃለሁ። ገዢው ሼህ ነበሩና «ማርያምን?» ብለው አረጋገጡ። እናንተ ከሌላ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። እኛም እንስቃለን፤ ሳንምል ግን አንለያይም።

እኔ ሰይድ እባላለሁ፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ቅቤና በርበሬ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ግድግዳ የምንጋራው ከጋሽ ታደሰና ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነቡ ጋር ነው። ጋሽ ታደሰ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፤ የእሳቸውን ድርሻም የሚናገሩት እትዬ ዘነቡ ናቸው። እነሱ ፕሮቴስታንት፣ እኔ ሙስሊም፤ የቤቴ ቁልፍ ግን የሚቀመጠው እትዬ ዘነቡ ዘንድ ነው። በረመዳን ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ የሚያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ስትሞትም ከእኔ በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት እነዚህ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ድረው ኩለው ሲያበቁ፣ ሌላው ጡረተኛ ፀሐይ በሚሞቅበት ዕድሜ «ሚሲዮናዊ ልንሆን ነው» ብለው ተነሱ። ቤተ ክርስቲያናቸው ኮምቦልቻ ላይ ሥልጠና ከፍታለች፤ ያለፉት ደቡብ ኦሞ ይላካሉ። ባልና ሚስት የሚፈተኑት እንደ አንድ ሰው ነው፤ አንዱ ከወደቀ ሁለቱም ይቀራሉ። ስሰማ ክው አልኩ። «ምነው እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ?» ብላቸው፦

«አንተ ሰይዶ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የጠራኝ ወጥ አውጪ፣ ልጅ ያዢ ሊለኝ ነው። ለሌላ ሥራ የጠራኝ ቢኖር ይኼ የመጀመሪያው ነው። ሳልሄድ ብሞት ይቆጨኛል፣ ወላሂ!» አሉኝ።

ችግሩም እዚችው ላይ ነበር።

በየሳምንቱ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። መቼም የደሴ ሰው ከብርዱ ወደ ሞቃቷ ኮምቦልቻ ሲወርድ መንገዱን ሁሉ ልብሱን እያወለቀ ነው። እትዬ ዘነቡ ጋቢውንም ሹራቡንም አውልቀው ይደርሳሉ፤ «ወላሂ»ን ማውለቅ ግን አልሆነላቸውም። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ወጣት ነው፤ ሳቅ ግን አልፈጠረበትም። እሳቸው ልምምድ ላይ ይቆሙና «ጌታ ይወድሃል» ብለው አሳምረው ይጀምራሉ። ሰሚው የተጠራጠረ ከመሰላቸው ግን «ወላሂ ይወድሃል!» ይላሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? አሰልጣኙ «እማማ፣ ወንጌሉ ጭራሽ አትማሉ ነው የሚለው። አዎ ካሉ አዎ ይበቃል» ብሎ መከራቸው። እሺ ብለው በሳምንቱ ቃሏን ቀየሯት፤ «ማርያምን!» አሉ። ያን ዕለት አሰልጣኙ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ አሉ።

ጋሽ ታደሰ ሚስታቸው ሰብከው በጨረሱ ቁጥር ከዳር ሆነው «አሚን» ይላሉ። አሜን አይደለም፣ አሚን፤ ልክ እንደኛ መስጊድ። በለሆሳስ ስለሚሏት ማንም ልብ አላላቸውም።

በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ ሱቄ ድረስ መጡ። «ሰይዶ፣ ይቺን ቃል ካፌ አውጣልኝ። የናንተ ናት፣ ውሰዷት!»

እናም ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ እኔ አልሰማም ያለ አስቸጋሪ ሰው ሆኜ ከባንኮኒው ጀርባ እቆማለሁ፤ እሳቸው ይሰብኩኛል፤ «ወላሂ» ባሉ ቁጥር ባንኮኒውን በጡጫዬ ቋ! አንድ ቀን በርበሬ ሊገዙ የመጡ ሐጂ ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ምን እየሠራችሁ ነው?» አሉ።

«እትዬ ስብከት እየተለማመዱ ነው» አልኳቸው።

«አንተስ?»

«እኔማ ወላሂ እንዳይሉ እጠብቃለሁ።»

ሐጂ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩ። «አላህ ያግዛችሁ» ብለው በርበሬውን ረስተው ሄዱ።

ከናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ዝም ብላቸው ይወድቃሉ፤ ከወደቁ አይሄዱም፤ ቁልፌም ሳምቡሳዬም ባሉበት ይሆናሉ። ዳሩ ግን ቃሏ ስታመልጣቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚጠቁር ብታዩ! «አልችልም ማለት ነው?» ይሉና ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። አንጀቴን በሉት። ባንኮኒውን አጥብቄ መታሁት።

አለፉ። በፈተናው ዕለት ከመነሻ እስከ መድረሻ አንዲት መሐላ ካፋቸው አልወጣችም። ጉዳቱ የደረሰው እኔ ላይ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ቅቤው ንጹሕ ነው?» ሲለኝ «ንጹሕ ነው» እልና ዝም። «ወላሂ?» ሲለኝ፣ ጡጫዬ በራሷ ጊዜ ተነስታ ባንኮኒው ላይ ቋ! «እንዲህ ካስቆጣህማ አንድ ነገር ተቀላቅሎበታል» ብሎ እብስ ይላል።

የጉዟቸው ቀን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። አሰልጣኙም አለ። እትዬ ዘነቡ ከመቀነታቸው ፈትተው የቤቴን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ያኔ ነው መሄዳቸው የገባኝ።

«ይመለሳሉ አይደል?» አልኳቸው።

«አዎ።»

«የምርዎን?»

«አዎ አልኩህ እኮ» አሉ፣ ልክ እንደሠለጠኑት።

እኔ ደግሞ የወሎ ሰው ነኝ፤ ባዶ «አዎ» አንጀቴ አይደርስም። ያን ሁሉ ባንኮኒ የቀጠቀጥኩት ሰውዬ፣ «እትዬ፣ ወላሂ ይበሉኝ» አልኩ።

ዞር ብለው አሰልጣኙን አዩ፤ ሻንጣ ያስመዝናል። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ጆሮዬ ሥር ጠጋ አሉ።

«ወላሂ!»

ልማድ ሆኖብኝ ጡጫዬ ተነሳች። ቁልፉ ውስጧ ነበር። ፈታኋትና ቁልፉን መልሼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት።

ጋሽ ታደሰ እኔንም ሚስታቸውንም ቀና ብለው አዩ። ከዚያ፣ በሥልጠናው ሁሉ ድምፃቸው ያልተሰማው ሰውዬ፣ አሰልጣኙ ከነሻንጣው ዞር እስኪል ድረስ ጮክ ብለው፣

«አሚን!» አሉ።