የናሆም ማርሚታና የእኛ ጉብታ

እኛ ሰዎች ሳናስታውቅ መምጣት አይሆንልንም። የድሮ ሰው የሰው ግቢ ሊገባ ሲል ከበሩ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ከደጅ ቆመው «ቤቶች!» ይላሉ፤ ከውስጥ መልስ እስኪመጣም ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ድምፁን አጥፍቶ ዘው የሚል ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ አከራይ። ዘመን ሲለወጥ ጉሮሮ መጥረጉ ወደ መኪና ጥሩንባ ተዛወረና ባለመኪናው ከመንገድ ማዶ ጀምሮ ለዘበኛው፣ ለሚስቱና ለመላው ሰፈር መምጣቱን ያበስር ጀመር። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና መጣላችሁ። ኡራኤል ጋ መንገድ ስትሻገሩ ትንፍሽ ሳይል ከኋላችሁ ይመጣና ተረከዛችሁን ሊነካ ሲል ነው የምታዩት። እኔ ከልጅነቴ ወዲህ ዘልዬ አላውቅም ነበር፤ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ዘለልኩ።

ይህን ሁሉ የምለው ድምፅ ያለው መኪና ጠላት አለመሆኔን አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ ነው። ኋላ ነገሩን ስትሰሙ «ጋሽ መኮንን ወጣት ሲደሰት ማየት አይወድም» እንዳትሉኝ። እወዳለሁ። ደስታው በመኝታ ቤቴ ግድግዳ በኩል እስካላለፈ ድረስ በጣም እወዳለሁ።

የምነግራችሁ ስለ ናሆም ማርሚታ ነው። ማርሚታ ያው እንደምታውቁት ከመኪናው ሆድ ሥር ተዘርግቶ ጭሱን በኋላ በኩል የሚያስወጣው ቱቦ ነው፤ ትልቁ ሥራው ግን የሞተሩን ጩኸት አፍኖ ሰው እንደ ሰው እንዲኖር ማድረግ ነው። የናሆም ማርሚታ ይህን ሥራ ትታዋለች። ታይታኒየም ከሚሉት ብረት የተሠራች ናት። የፋብሪካው ማርሚታ ደህና ሆኖ ሳለ እሱን አውልቆ፣ ከዱባይ በሰው ሻንጣ አስመጥቶ ያስገጠማት ናት።

ናሆም ማለት ከእኛ ቤት ፊት ለፊት የሚኖር፣ እዚሁ ቅያስ ውስጥ ያደገ፣ እናቱ ካረፉ ወዲህ ብቻውን ያለ ልጅ ነው። ሲያገኘኝ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ። ሥራው የማንቂያ ደወል መሸጥ ነው፤ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ቅያሳችን ደግሞ ካዛንቺስ ውስጥ ከፈረሰው የተረፈች፣ ኮብልስቶን የተነጠፈባት ጠባብ መንገድ ናት። መግቢያዋ አንድ ነው፤ መግቢያዋ መውጫዋም ነው። እዚህች ውስጥ ነው ናሆም ሁለት በር ብቻ ያላትን፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራትን ግራጫ የስፖርት መኪናውን የሚያሳድረው።

ማርሚታዋ የመጣች ዕለት ከካርቶን አውጥቶ አሳየኝ።

«ይያዟት ጋሼ፣ ቅልል ያለች ናት» አለኝ።

ያዝኳት። እውነት ለመናገር ባዶ ጀሪካን ያነሳሁ ነው የመሰለኝ። ቀላል በመሆኗ መኪናዋ ይበልጥ ትፈጥናለች አለኝ። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ በመኪና የሚሄደውን ሰው እኔ በእግሬ እየሄድኩ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ጫማ አስጠርጌ እንደምቀድመው ነገርኩት። ሳቀ። ደግሞ ሙቀት ሲያገኛት ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ታወጣለች፣ ማለቴ በቃ ልዩ ናት፣ አለ።

«ከመኪና ሥር ገብቶ ማን ያየዋል?»

«እኔ አውቀዋለኋ ጋሼ።»

መልሱን ወደድኩት። ሰው ለራሱ ብቻ የሚያውቀው አንድ ቆንጆ ነገር ቢኖረው ምን ክፋት አለው? ችግሩ የናሆምን ቆንጆ ነገር ሰፈሩ በሙሉ ማወቁ ነው።

ያም ሆኖ ልጄ ሂሩት እስክትወልድ ድረስ ችዬው ነበር። ሂሩት ሴት ልጅ ወለደችና እንደ ወጉ አራስነቷን እናቷ ቤት ልታሳልፍ መጣች። ለእኔ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት። ስለ እሷ ካወራሁ ስለማላቆም ብዙ አልናገርም፤ ጣቴን በዚያች ትንሽ እጇ ጭምቅ አድርጋ ስትይዘኝ ከአጠገቧ መነሳት አቅቶኝ ለቅሶ እንኳ ሳልደርስ እንደቀረሁ ብቻ እወቁልኝ።

ናሆም በየማለዳው ስፖርት ሊሠራ ይወጣል። ሞተሩን ያስነሳና ወዲያው ነዳጅ ሰጥቶ ቅያሷን ሰንጥቋት ይሄዳል። ያ ድምፅ በግድግዳችን በኩል ሲያልፍ ሕፃኗ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ወርውራ ትደነግጣለች፤ ከዚያ ለቅሶ ነው። ሂሩት ስታጠባ አድራ ጎኗን ልታሳርፍ ስትል ይኸው ነው። ዓይኗ ጎደጎደ። ሊጠይቋት የሚመጡ ሴቶችም አራስ እንቅልፍ ካጣች ወተቷ ይቀንሳል እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ እታገኝ ሻንጣ አወጣች።

«ወይ ይሄን ነገር አስቁም፣ ወይ ልጆቼን ይዤ አዳማ እህቴ ጋ እሄዳለሁ» አለችኝ።

እታገኝ አደርጋለሁ ያለችውን ሳታደርግ የቀረችበትን ቀን አላስታውስም። ያቺ ትንሽ እጅ ከቤቴ ስትወጣ ታየችኝ።

ናሆምን አናገርኩት። ከልቡ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከእንግዲህ ቀስ ብዬ እወጣለሁ አለ። በማግስቱ ቀስ ብሎ ሊወጣ ሲሞክር ማርሚታዋ አንዴ እየታነቀች አንዴ እየፈነዳች ጭራሽ ባሰባት። ስለዚህ ጉዳዩን ወደ ኮሚቴ ወሰድኩት። የቅያሳችን ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ሰብሳቢነቱን ማን እንደሰጠኝ አላውቅም፤ የሚገባኝ መሆኑን ግን ተጠራጥሬ አላውቅም። ያቀረብኩት ሐሳብ አጭር ነበር። መግቢያው ላይ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንሠራለን። ያቺ መኪና ሆዷ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉብታውን ማለፍ አትችልም፤ ካልቻለች ዋናው መንገድ ላይ ታድራለች፤ ዋናው መንገድ ላይ ካደረች እኛ እንተኛለን። ሁሉም ተስማማ።

ቅዳሜ ረፋድ ሥራ ተጀመረ። ሲሚንቶው ከአንዱ ቤት፣ አሸዋው ከሌላው ቤት መጣ። ሰፈር ተሰብስቦ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ፣ የሚሠራው ጥቂት፣ የሚያሠራው ብዙ ነው። ማዕዘኑ ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኑሪ ሚዛናቸውን ትተው መጡና «ትንሽ ከፍ ይበል እንጂ» አሉ። ከፍ አለ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ቆም ብለው አዩና ይሄማ ምኑን ያቆመዋል አሉ። ጨመርንበት። በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ አስተያየቱን ሳይጥልበት አልሄደም፤ እኛም የማንንም ሐሳብ ላለመናቅ ስንጨምር ዋልን። ሲያልቅ ጉብታ መሆኑ ቀርቶ ግንብ ሊባል ምንም አልቀረውም። እንዳይረገጥ ዙሪያውን ድንጋይና ገመድ አደረግንበት። እኔም ደረቴን ነፍቼ ገባሁና እታገኝን ልብሷን ከሻንጣው እንድታወጣ ነገርኳት።

እሑድ ከሰዓት፣ ሲሚንቶው ድርቅ ካለ በኋላ፣ የናሆም በር ተከፈተ። ከውስጥ መኪናዋ ወጣች።

ይህን ጊዜ መቼም ቅዳሜ መኪናዋ የት ነበረች ማለታችሁ አይቀርም። ናሆም ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚመለሰው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቅዳሜ ግን ጉንፋን ይዞት ተኝቷል። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ምክር፣ አንዳችን እንኳ ሄደን በሩን አላንኳኳንም። እንዳትገባብን የፈራናትን መኪና ከውስጥ አድርገን ዘግተናል።

ናሆም ወረደ። በርከክ ብሎ የመኪናዋን ሆድ በስንዝር ለካ፤ ሄዶ ጉብታውንም በስንዝር ለካ። ጨዋ ልጅ ነውና ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር የተሠራው እንዳልገባ ነው እንዳልወጣ?»

«ለሁሉም ነው» አልኩት። ሰብሳቢ መልስ ማጣት የለበትም።

መኪናዋ ታሰረች፤ ናሆም በታክሲ መሄድ ጀመረ። ግን በየማለዳው ሞተሯን አስነስቶ ማሞቅ አለበት፤ አለበለዚያ ባትሪዋ ይሞታል አለኝ። ያሰርኳት እኔ ስለሆንኩ መከልከል አልቻልኩም። ድሮ ድምፁ ሽው ብሎ ያልፍ ነበር፤ አሁን ከመኝታ ቤታችን ፊት ለፊት ቆሞ ሊጮህብን ነው። ሰኞ ማለዳ እታገኝ ሻንጣውን በእግሯ ወደ በሩ ገፋ አድርጋ ጠበቀች። ሞተሩ ተነሳ፤ አንዴ አገሣና ወረደ፤ ከዚያ ሳይጨምር ሳይቀንስ በወፍራሙ ያጉረመርም ጀመር። ሕፃኗ ዓይኗን ገለጠች፣ ጣራውን አየች፣ አዛጋችና ተኛች።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሳልስቱም። ሂሩት አብራት እየተኛች ፊቷ ተመለሰ። እታገኝም ሻንጣውን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። እኔ ሕፃኗ በአያቷ ወጥታ ጠንካራ ሆነች ብዬ ደመደምኩ፤ ለሚጠይቀኝም ሁሉ ይህንኑ አስረዳሁ።

ናሆም ግን እስከ መቼ በታክሲ ይሂድ? መኪናውን እንድንለቅለት በትሕትና ጠየቀ። ጉብታው ይፍረስ ሲባል ሐጂ ኑሪ አሻፈረኝ አሉ፤ እየበረሩ የሚገቡት ሞተር ሳይክሎች አደብ የገዙት በሱ ነው። እንግዲያው መኪናዋን በእጅ አንስተን እናሻግራት ተባለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። ናሆም ማርሚታዋ እንዳትጫር ፈትቶ አወለቃትና በፎጣ ጠቅልሎ፣ ለሌላ ሰው አላምናትም ብሎ እኔን አሳቀፈኝ። ካዛንቺስ ውስጥ ከማንም በላይ የሚጠላት ሰው ደረቱ ላይ ታቅፏት ቆመ፤ ለፍጥነት የተሠራችው መኪናም ዝግ ብላ በጎረቤት ክንድ ጉብታውን ተሻገረች። ማዶ አስቀመጧት፤ ናሆም ማርሚታዋን ተቀብሎኝ መልሶ ገጠማት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋናው መንገድ ላይ ጥበቃ ካለው ሕንፃ ሥር ታድር ጀመር።

ቅያሷ ጸጥ አለች። በማግስቱ ሕፃኗ በለመደችው ሰዓት ነቃች፤ ጥቂት ጠበቀች፤ ምንም የለም። ከዚያ አለቀሰች። ሂሩት አጠባቻት፣ እታገኝ አዝላ ተንጎራደደች፣ እሹሩሩ ተባለ። እኔ ራሴ ዘፈንኩላት፤ ባሰባት። ረፋዱን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም። ሁለት ሦስት ማለዳ እንዲሁ ሆነና የሂሩት ዓይን እንደገና ጎደጎደ።

«መኪናው ነው» አለች እታገኝ።

«የማይሆን ነገር አትናገሪ» አልኳት።

ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችው። አዳማ እህቷ ቤት በር ላይ የባጃጅ መቆሚያ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሞተር ሲያጉረመርም ነው የሚውለው። መጀመሪያ ስታስፈራራኝ አዳማ የምትሄደው ከድምፅ ሸሽታ ነበር፤ አሁን ድምፅ ፍለጋ ልትሄድ ነው። ለእኔ ያው ነው፤ ልጅቷን ትወስድብኛለች።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ናሆም የሕፃን ልብስ ይዞ አራስ ሊጠይቅ መጣ። ሐጂ ኑሪና ሌሎች ጎረቤቶችም ነበሩ። ናሆም ሰው ሁሉ እንዲሰማው ብድግ ብሎ ተናገረ። ለጋሼና ለሕፃኗ ሲል ታይታኒየሟን አውልቆ የፋብሪካውን ማርሚታ መልሶ አስገጥሟል፤ ከእንግዲህ ማንንም አይረብሽም። ቤቱ አጨበጨበ። ሐጂ ኑሪ ሰብሳቢ ማለት እንዲህ ነው ብለው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። ያን ዕለት በሰፈሩ እንደ እኔ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። ከመኝታ ቤት የልጅቷ ለቅሶ ይሰማል፤ እታገኝ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

ወይ ክብሬ ወይ የልጅ ልጄ ሆነ። ናሆምን ልሸኘው ብዬ እስከ ደጅ ወጣሁና ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጠየቅኩት።

«ማርሚታዋን የት አደረግሃት?»

«አልጋዬ ሥር ናት። አያስቡ ጋሼ፣ ሁለተኛ አላስገጥማትም።»

«አስገጥማት።»

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ተወው። ሁሉንም ነገርኩት፤ የልጅቷን እንቅልፍ፣ የሂሩትን ዓይን፣ የአዳማውን ባጃጅ። ሲሰማኝ ፊቱ በራ። ያቺን ማርሚታ አንድ ሰው እንኳ ሲፈልግለት የመጀመሪያው ጊዜ መሆኑ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ጉብታውን አልፎ እንዴት ነው የሚገባው?

ሰኞ ማለዳ ዶማ ተውሼ ጉብታውን ማፍረስ ጀመርኩ። ሐጂ ኑሪ ሱቃቸውን ሲከፍቱ አዩኝ።

«ጋሽ መኮንን፣ ምን ሆነው ነው?»

«ውሃ ያቁራል» አልኳቸው።

«ዝናብ የለ ምን የለ?»

«ሲመጣ ያቁራል።»

እንዲህ ያለውን ነገር ፊትን ኮስተር አድርገው ከተናገሩት ሰው ይቀበላል። ሐጂም ጥቂት አሰቡና አካፋ ይዘው መጡ፤ ድሮም ከፍታው በዝቷል ብዬ ነበር እያሉ ፍርስራሹን ያነሱልኝ ጀመር።

ይህን የምጽፍላችሁ በማለዳ ነው። ከናሆም ጋር ስምምነት አለን። እሱ ለሕፃኗ ሲል ሞተሩን ረዘም አድርጎ ያሞቃል፤ ሲበቃ ያጠፋና፣ ሲወጣ እንዳያስደነግጣት፣ እኔ ጋቢዬን ደርቤ ወጥቼ መኪናዋን እስከ ዋናው መንገድ አብሬው እገፋለሁ። አሁን ገና እያሞቀ ነው። ሕፃኗ ተኝታለች። ሂሩት ተኝታለች። እታገኝም አዳማን እርግፍ አድርጋ ትታ ተኝታለች። በቤቱ ውስጥ ነቅቼ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ግድግዳው እየነዘረ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አቤት እንዳልል፣ ሰብሳቢው እኔ ነኝ።