ከኪሱሙ ወደ አቃቂ፣ በቦሌ በኩል

ሰው ለሥራ ብሎ አገር ሲቀይር የሚያስጨንቀው ቋንቋው ነው፣ ምግቡ ነው፣ ብርዱ ነው ይላሉ። ይህን የሚሉት አገር ቀይረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ቋንቋ እንደሆነ በእጅም ይነገራል። ምግብም ቢሆን፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ምርጫ ሲያበዛ አይቼ አላውቅም። ሰውን እንቅልፍ የሚነሳው የት እንደሚያድርና ካደረበት ተነስቶ ሥራው ቦታ በምን እንደሚደርስ ነው። ባሕር መሻገሩ ይቅርና፣ እዚሁ ከሳሪስ ቱሉ ዲምቱ ቤት የለወጠ ሰው እንኳ ታክሲ እስኪለምድ ድረስ ፊቱ ጠቁሮ አይደል የሚከርመው?

እኔ ይህን የተማርኩት ውጭ አገር ሄጄ አይደለም። ውጭ አገር እኔ ዘንድ መጥቶ ነው።

ቃሊቲ ባለ አንድ የካርቶን ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ እንዳትደነግጡ፤ በእኔ ሥር ያለው ሠራተኛ እኔው ነኝ። ታዲያ ፋብሪካችን አዲስ ማሽን አስመጣ። ማሽኑ የደረሰ ዕለት በግ ታረደለት፤ ሥራ አስኪያጃችን አቶ መኩሪያም አጠገቡ ቆመው ንግግር አደረጉለት። የጎደለው ነገር ቢኖር የሚያሠራው ሰው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ያኮርፋል። ቢለምኑት አይሰማ፣ የብሎን መፍቻ ኪያቤ ይዘው ቢያስፈራሩት አይፈራ። በመጨረሻ የዚህኑ ማሽን ታላቅ ወንድም ኬንያ ውስጥ ለዓመታት ስታሠራ የኖረች አቺየንግ የምትባል ኢንጂነር ተገኘችና በሁለት ዓመት ውል ተቀጠረች።

አቶ መኩሪያ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

"ደረጀ" አሉኝ፣ "ይህች ልጅ ከተመቻት ሁላችንም እንጀራ እንበላለን። ካልተመቻት ግን ማሽኑን ሐውልት አድርገን አንተን ዘበኛ እናቆምለታለን።"

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁና ሳቄን መልሼ ዋጥኩት።

አቺየንግ ከመምጣቷ በፊት በኢሜይል የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኪራዩ የማይጎዳ፣ "ዌል ኮኔክትድ" የሆነ ሰፈር ፈልጉልኝ አለች። ለአቶ መኩሪያ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡ።

"ኮኔክትድ ማለት ኮኔክሽን ያለው ማለት ነው" አሉ። "ትልልቅ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው የፈለገችው። ቦሌ አስገባት።"

አልፈረድኩባቸውም። እኛ ዘንድ ኮኔክሽን የሚባለው ነገር በአስፋልት አይሄድም፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ ነው የሚሄደው። ታክሲ ያጣ ሰው በእግሩ ይደርሳል፤ ኮኔክሽን ያጣ ሰው የት ይደርሳል? ቢሆንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ምናልባት የትራንስፖርቱን ነገር ብላ እንዳይሆን፤ ለሥራዋ ቅርብ የሆነ..." ማለት ጀመርኩ።

"ቦሌ አውሮፕላን አለ" አሉኝ። "ከአውሮፕላን የበለጠ ምን ትራንስፖርት ትፈልጋለህ?"

ቦሌ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ተከራየንላት።

አቺየንግ መጣች። ረጅም፣ ስትስቅ ከትከሻዋ ጀምራ የምትስቅ ሴት ናት። ይህንንም ያወቅኩት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላማ ሳቋ ጠፋ። የፋብሪካው ሰርቪስ ቦሌ የሚባል አገር መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ ከቦሌ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ቃሊቲ፣ በሰልፍና በግፊያ መምጣት ሆነ ሥራዋ። ፋብሪካው ስትደርስ ሠራተኛው ሻዩን ጠጥቶ ጨርሷል። ከማሽኑ ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ ቱታዋን ቆልፋ ካቻቢቴዋን ስታነሳ የምሳ ሰዓት ይደርሳል። አመሻሹ ላይ ደግሞ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ትጀምረዋለች።

ዓርብ ቀን ቢሮዬ ገባችና ቁጭ አለች። ያስለመደችኝ የረፈደ ፊት ነበር፤ የዛሬው ግን የጨረሰ ሰው ፊት ነው።

"ማሽን ልጠግን ነው የመጣሁት" አለችኝ በረጋ እንግሊዝኛ። "በየቀኑ ጥገና የሚያስፈልገኝ ግን እኔ ሆኛለሁ። ነገና ከነገ ወዲያ ቤት እፈልጋለሁ። ካጣሁ ሰኞ ወደ አገሬ ደውዬ የድሮ ቦታዬ እንዳለ እጠይቃለሁ።"

ይህን ስትል የታየኝ ሐውልቱ ነው። አጠገቡ ደግሞ ዱላ ይዤ የቆምኩት እኔ።

ቅዳሜ ጠዋት ይዣት ወጣሁ። መጀመሪያ የወሰድኳት የእኔው ሰፈር ኮዬ ፈጬ ነው። ምን ላድርግ፣ ሰው የሚያውቀውን አይደል የሚያሳየው? ኮንዶሚኒየሙን በዕጣ ያገኘሁ ቀን ባለቤቴ እልል ያለችው እልልታ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደረጃውን እየወጣን አየሩን አመሰገንኩላት፣ ጎረቤቶቼን አመሰገንኩላት፣ ውሃውን እንኳ ሳይቀር አመሰገንኩላት። ውሃው እንደ ጥሩ ዘመድ ነው፤ በዓመት በዓል አይቀርም። ባለቤቴ ምሳ አቀረበች፤ አቺየንግም ደስ ብሏት በላች። በረንዳ ላይ ወጥታ ሰማዩንና የብሎኮቹን ብዛት ካየች በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

"ፋብሪካው በየት በኩል ነው?"

በጣቴ አሳየኋት። ጣቴ የሄደበትን አቅጣጫ ረጅም ጊዜ ተከትላ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ከዚያ ቱሉ ዲምቱ አንድ ደላላ ያዝን። ስለ ደላላ አንድ ነገር ላውራ፤ ካላወራሁ ያመኛል። የደላላ ደቂቃ ከእኛ ደቂቃ ጋር ዝምድና የለውም። "አምስት ደቂቃ ነው" ካለ፣ ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል። "መንገድ ዳር ነው" ካለ ደግሞ እውነቱን ነው፤ መንገዱ ግን ገና አልተሠራም። በዚህ አምስት ደቂቃ ሄደን ሄደን አንድ ግቢ ደረስን። ቤቱ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ጠዋት የተከራየው ሰው አልጋውን እየዘረጋ አገኘነው። ደላላው አላፈረም። "ሌላ አለኝ፣ አምስት ደቂቃ ነው" አለ።

አቺየንግ ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ አየች፣ ደላላውን አየች፣ እኔን አየች። "አንተ ወደ ልጆችህ ሂድ" አለችኝ። "ከዚህ በኋላ ብቻዬን ነው የማየው።" ልከለክላት ሞከርኩ፤ ግን ቃሊቲ ቃሊቲ የሚል ሚኒባስ መጣና በመስኮት እጇን እያወዛወዘች ሄደች።

ሰኞ የሥራ ሰዓት ደረሰ፤ አቺየንግ የለችም። ማሽኑ ዝም ብሏል። መቼም ታረፍዳለች ብለን ጠበቅን። ሻይ ተጠጣ፤ የለችም። ስልኳ ዝግ ነው። የበሩን ዘበኛ ጠየቅኩት፤ ተረኛ ሆኜ ከገባሁ ወዲህ በዚህ በር አላለፈችም ብሎ ማለ። አቶ መኩሪያ ከቢሯቸው ወጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጠገቤ ቆሙ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ደረጀ፣ ፈልገህ አምጣት" አሉኝ ብቻ።

ቦሌ ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ማረፊያው ስደርስ ፅዳቷን አገኘኋት።

"ትናንት ሻንጣዋን ይዛ ወጣችኮ" አለችኝ።

"የት ልሂድ አለች?"

"እኔ እንጃ። ታክሲ ጠርታ ገባች።"

"እያለቀሰች ነበር?"

"ኧረ እየሳቀች!"

እያለቀሰች ቢሆን ተስፋ ነበረኝ፤ የሚያለቅስ ሰው ይመለሳል። ከእኛ ተገላግላ የምትስቅን ሴት ግን ማን ይመልሳታል? ለአቶ መኩሪያ ደወልኩና የሰማሁትን ነገርኳቸው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ይላል አገሬው፤ እኔ ግን ጎፈሬዬን አበጥሬ ጨርሼ ነበር። ኤርፖርት ሂድ አሉኝ። ሄድኩ። ያለ ትኬት ማን ያስገባኛል? ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ሆነ ሥራዬ። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር፣ ይህቺ ናት እያልኩ በልቤ ተሰናበትኳት። ባለቤቴን ምን እንደምላት፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ሌላ ሥራ የት እንደምጠይቅ፣ ሁሉንም እዚያው ቆሜ አሰብኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሥራ ፍለጋ መዞር ሊሆን ነው እያልኩ ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ስልኬ ጮኸ። አቶ መኩሪያ ናቸው።

እየጮኹ ያወራሉ፤ የሚሉት ግን አይሰማኝም። ከድምፃቸው በስተጀርባ ዱብ፣ ዱብ፣ ሽሽሽ የሚል ነገር አለ።

"ምን አሉኝ?" አልኩ።

"የት ሆነህ ነው?" ዱብ፣ ዱብ።

"ኤርፖርት! እርስዎ ነዎት የላኩኝ!"

"ኤርፖርት ምን ታደርጋለህ? እዚህ ናት እኮ!" ሽሽሽ።

ያን ጊዜ ድምፁን ለየሁት። ማሽናችን ነው! እየሠራ ነው! ብዙ ሙዚቃ ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ጮማ የሆነ ዜማ ግን ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ለብቻዬ ሳቅኩ። አንድ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ አይቶኝ ዞር ብሎ አለፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቺየንግ ያን ዕለት ፋብሪካ የደረሰችው ከሁላችንም በፊት ነው። በር የከፈተላት የሌሊቱ ዘበኛ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተረኛውን ተክቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። እሷ ማሽኑን ከኋላ ከፍታ፣ ሆዱ ውስጥ ገብታ፣ የጆሮ መከላከያዋን አድርጋ ስትፈታታው አረፈደች። እኛ ቦሌ፣ ኤርፖርት፣ ሰማይ ድረስ ስንፈልጋት ማሽኑ ጀርባ ዞር ብሎ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። ማን ያስበው? ሁልጊዜ የምታረፍድ ሴት ማልዳ ትመጣለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ስልኳም የተዘጋው ያደረችበት ቤት መብራት ጠፍቶ ነው።

ያደረችበት ቤት የት ነው? እሱን ያየሁት ከሥራ በኋላ፣ "ና ላሳይህ" ብላ በእግሯ ይዛኝ ስትሄድ ነው። በእግሯ! ቅዳሜ ዕለት ሚኒባሱ አቃቂ ሲደርስ በመስኮት የባቡር ሐዲድ አየች አሉ። እዚህ አገር ቀድማ የተማረችው ቃል "ወራጅ" የሚለው ነውና ጮኸችና ወረደች። የአሮጌውን ሐዲድ ተከትላ ስትሄድ፣ ልብስ ሲያሰጡ የነበሩ አንድ እናት ከበራቸው ሆነው፣ "አንቺ ልጅ፣ ምን ጠፋብሽ?" አሏት። እትዬ ዘነበች ይባላሉ። የጠፋባትን በቃል መናገር ባትችል በጣቷ የቤታቸውን ጣሪያ አሳየቻቸው። ውሃ ሊሰጧት አስገቧት። ግድግዳው ላይ የሟች ባለቤታቸው ፎቶ ነበር፤ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ቆባቸውን እንደደፉ። አቺየንግ ፎቶው ፊት ቆማ እጇን እንደ ቆብ ግንባሯ ላይ አደረገችና "ባባ" አለች። አባቷ በአገሯ ኬንያ፣ ኪሱሙ ከተማ ላይ ዕድሜያቸውን ሁሉ ባቡር ያገለገሉ ሰው ነበሩ።

"ባቡር?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ባባ" አለች እሷ።

ከባባ እስከ ባቡር ምን ያህል ርቀት አለው? ተግባቡ። ግቢው ውስጥ ልጃቸው ትዳር ይዞ ሲወጣ የለቀቀው ክፍል ነበር። ኪራዩን ማዶ ያለው ባለሱቅ ጀማል በካልኩሌተር አስተረጎመላቸው። እሁድ ጓዟን ጭና ገባች፤ ማታውኑ ስሟ "አቻምየለሽ" ሆነ።

ስንደርስ እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቋት። እሷም ከትከሻዋ ጀምራ ሳቀች። ይህን ሳቅ ሳየው ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ሁሉ ወረደ። እትዬ አስገቡን፤ ሻይ ቀዱልኝ። እኔም ወጉ ነውና "አምላክ ይስጥልኝ፣ አገር ለቃ የመጣችን ሰው አስጠጉልን፤ እንግዳ መቀበል ትልቅ ጽድቅ ነው" አልኳቸው።

"ምን አደረግኩ ብለህ" አሉኝ። "አንተስ ልጄ፣ ቤትህ እዚሁ አቃቂ ነው?"

"ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ እትዬ።"

"ውይ! ታዲያ ቃሊቲ ድረስ በምን ትመላለሳለህ?"

ነገርኳቸው። ከቤቴ እስከ አውቶቡሱ በእግር፤ ከዚያ ሰልፉ፤ ከዚያ ቱሉ ዲምቱ ወርዶ ሌላ ሰልፍ፤ ከዚያ ሚኒባስ ከተገኘ ተጣብቆ፣ ካልተገኘ ቆሞ።

"ልጆችህስ?"

"ስወጣ ተኝተው ነው፤ ስገባም ተኝተው ነው። እሁድ እሁድ እንገናኛለን።"

እትዬ ዘነበች ከንፈራቸውን መጠጡ። ወደ አቺየንግ ዞረው አዩ፤ እሷ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ሻይዋን ፉት ትላለች። ወደ እኔ ተመለሱ፣ ሻዬንም ጨመሩልኝ።

"ምስኪን!" አሉኝ። "እኔ ደግሞ ለሥራ ብላ ከአገሯ የወጣችው እሷ መስላኝ ነበር።"